የመንገድ አደጋ ካሣ መብት እንጂ ምጽዋት አለመሆኑ

የሰው ልጅ በጥበቡ ያገኘው ነገር ሁሉ ጥቅሙንና ጉዳቱን አንድነት ይዞ ይመጣል። እሳት ያበስላል፥ ያቃጥላልም፤ ወንዝ ያጠጣል፥ ይወስዳልም። ስለዚህ አስተዋይ ሕዝብ አዲስ ነገር በተቀበለ ጊዜ ጥቅሙን ብቻ ተመልክቶ አይደሰትም፤ ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ፥ የወደቀበትንም ሰው ማን እንደሚያነሣው አስቀድሞ ይመክራል። አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ሕዝቡ ለማየት ይሰበሰብበት የነበረው መሣሪያ፥ ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ዘመን ካለፈ በኋላ ዛሬ ከሰው ደጃፍ የማይለይ ሆኗል። የጠቀመው ሰው ብዙ ነው፤ የጐዳውም እንደዚሁ ብዙ ነው።

በአዲስ አበባ ምዕራብ ያለውን የኮልፌ ቀራንዮን ክፍለ ከተማ የተመለከተ ሰው ይህን ነገር በግልጥ ይረዳዋል። ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በአየር ጤናና በካራ ቆሬ በኩል ዐልፎ ይወጣል፤ የቀለበቱ መንገድ ደግሞ በጦር ኃይሎችና በዐሥራ ስምንት ማዞሪያ አድርጎ ወደ ዊንጌት ይዘልቃል። በእነዚህ መንገዶች ላይ የጭነት መኪና፥ የከተማ አውቶቡስ፥ ሚኒባስ ታክሲና ባጃጅ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ይተላለፉባቸዋል። በዚያው መንገድ ዳር ግን በእግሩ የሚሄደው ሰው ይበዛል፤ ከአጠና ተራ እንጨት የተሸከመ የቀን ሠራተኛ፥ አህያውን እየነዳ ወደ ገበያ የሚወርድ ገበሬ፥ ለማለዳ ቅዳሴ ነጠላዋን ተከናንባ የወጣች እናት፥ ደብተሩን በብብቱ የያዘ ተማሪ ሁሉም በዚያ ያልፋሉ። መሸጋገሪያው ድልድይ የራቀበት ሰው የመንገዱን አጥር ዘሎ ሲሻገር ይታያል። በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች የሚበዙት እግረኞች የሆኑት ስለዚህ ነው። በመላው ኢትዮጵያም በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው በየዓመቱ ከ3,000 ይበልጣል።

እነዚህ ሰዎች ሲሞቱ ወይም አካላቸው ሲጐድል ቤታቸው ምን ይሆናል? ሕጉስ ለእነርሱ ምን አዘጋጅቶላቸዋል? ይህ ጥያቄ በዚህ ጊዜ መነሣቱ የተገባ ነው፤ ምክንያቱም ለተጐጂዎች የሚከፈለው የመድን ገንዘብ በ2016 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ከፍ ብሏል። ነገር ግን ገንዘቡ ከፍ ማለቱን የሚያውቀው መድን ሻጩና ገዢው ሲሆን፥ ገንዘቡ የታሰበለት ሰው ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ሳያውቅ የቀረ ሰው ደግሞ መብቱ እንዳልተሰጠው ሰው ነው።

የነገሩ መሠረት አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ስለሚዋጋ በሬ የተሠራውን ሥርዐት ሊቃውንት ያውቁታል። በሬው ከዚያ በፊት ተዋጊ መሆኑ ያልታወቀ እንደ ሆነ ሰው ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ ተዋጊ መሆኑ ታውቆ ለባለቤቱ ከተነገረው በኋላ ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው የገደለ እንደ ሆነ ግን ባለቤቱ ተጠያቂ ይሆናል፥ ቤዛም ይጣልበታል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ መኪና የደነገገው ከዚሁ የሚቀራረብ ነው፤ እንዲያውም አንድ ርምጃ ወደ ፊት ይሄዳል። በቍጥር 2081 እንደ ተጻፈው፥ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት አላፊ የሚሆነው ጥፋት ባይኖርበትም ነው። ይህ ማለት ሕጉ መኪናን ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተዋጊ መሆኑ እንደ ታወቀ በሬ ይቈጥረዋል ማለት ነው። ባለቤቱ «ፍሬኑ በድንገት እንቢ አለኝ፤ ዝናቡ መንገዱን አንሸራተተው፤ ሌላ መኪና ገፍቶኝ ነው» ብሎ ከዕዳ አይወጣም። ከዕዳው በሙሉም ሆነ በከፊል የሚድነው፥ በቍጥር 2086 እንደ ተገለጠው፥ አደጋው በተጐጂው በራሱ ጥፋት መድረሱን ያስረዳ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ይህ ድንጋጌ መልካም ነው፤ ሆኖም ለብዙ ዘመን በወረቀት ላይ የቀረ ፍርድ ሆኖ ኖሯል። ፍርድ ቤት ለሟች ልጆች ብዙ ገንዘብ ቢፈርድላቸው፥ ባለመኪናው በዕዳ መኪናውን የገዛ ደኻ የሆነ እንደ ሆነ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? የተፈረደለት ሰው የፍርዱን ግልባጭ በሣጥን አስቀምጦ ይቀመጣል እንጂ ልጆቹን አያበላበትም። ሌሎችም አገሮች ይህን ችግር አይተውታል። እንግሊዞች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1930 ባወጡት የመንገድ ሕግ፥ ማንም ሰው በሌላ ላይ ለሚያደርሰው የአካል ጉዳትና ሞት ዋስ የሚሆን መድን ሳይገባ መኪና እንዳይነዳ አስገድደዋል። ኒውዚላንድ ደግሞ ከ1974 ጀምሮ «ጥፋቱ የማን ነው» የሚለውን ክርክር ትታ፥ በአደጋ የተጐዳን ሰው ሁሉ ከአንድ የሕዝብ ገንዘብ መርዳትን መርጣለች።

በኢትዮጵያ የመድን ሥራ የተጀመረው በ1897 ዓ.ም. የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ አገር የመድን ኩባንያ ወኪል በሆነ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜም የሚሸጠው የእሳትና የባሕር ጭነት መድን ነበር። ከዚያ በኋላ የአገር ውስጥ ኩባንያዎች ተቋቋሙ፤ በ1967 ዓ.ም. ተወርሰው ከነርሱ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተመሠረተ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ የግል ኩባንያዎች እንደ ገና ተፈቀደላቸው። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን መኪናውን መድን ማስገባት ለባለመኪናው ፈቃድ የተተወ ነበር፤ ብልህና ባለጠጋ የሆነው ይገባ ነበር፥ ሌላው ግን አይገባም ነበር። እግረኛው የሚድነው እንግዲህ በገጨው ሰው ብልህነት መጠን ነበር።

ይህን የለወጠው በ2000 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቍጥር 559 ነው። ይህም በ2005 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 799 ተተክቷል። «መድን» የሚለው ቃል በአማርኛ ከድሮ ጀምሮ ዋስ፥ ተያዥ ማለት ነውና የአዋጁ ሐሳብ በስሙ ይታወቃል። አንደኛው ወገን ባለመኪናው ነው፤ ሁለተኛው ወገን ዋስ የሆነው ኩባንያ ነው፤ ሦስተኛው ወገን በውሉ ላይ ያልፈረመ፥ ስሙም ያልተጻፈ፥ በመንገድ ላይ የተጐዳው ሰው ነው። ውሉን ሌሎች ይዋዋሉታል፤ ጥቅሙ የሚሆነው ግን ለእርሱ ነው። ስለዚህም ይህ መድን የሌለው ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሏል፤ ተላልፎ የተገኘም ይቀጣል።

በእነዚህ አዋጆች መሠረት መድን ሰጪው ለአንድ ሰው ሞት የሚከፍለው ከ5,000 ብር የማያንስ፥ ከ40,000 ብርም የማይበልጥ ነበር። ለአካል ጉዳትም እስከ 40,000 ብር፥ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር ይከፈል ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የሞትንና የአካል ጉዳትን ካሣ ጣራ እስከ 250,000 ብር ከፍ አድርጎታል፤ የንብረቱና የአስቸኳይ ሕክምናው ልክም እንደዚሁ ከፍ ብሏል። በዚህ አንጻር ባለመኪናው በየዓመቱ የሚከፍለው የመድን ዋጋ ጨምሯል። ባለመኪናዎች ስለ ጭማሪው ማጕረምረማቸው የሚያስገርም አይደለም፤ ነገር ግን ጭማሪው ወዴት እንደሚሄድ ያወቀ ሰው እንደ ግብር አይቈጥረውም፤ ነገ በድንገት የሰው ነፍስ በእጁ ቢጠፋ ለሚመጣበት ዕዳ አስቀድሞ ያስቀመጠው ገንዘብ ነውና።

ከ40,000 ወደ 250,000 መውጣት ለጆሮ ታላቅ ይመስላል፤ ቢሆንም ገንዘብ በቍጥሩ ሳይሆን በሚገዛው ነገር ይለካል። አዋጁ መጀመሪያ በወጣበት በ2000 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር በዘጠኝ ብር ገደማ ይመነዘር ስለ ነበር፥ 40,000 ብር ከ4,000 ዶላር ይበልጥ ነበር። ጣራው ሳይለወጥ ዐሥራ ስድስት ዓመት ቈይቶ፥ በ2016 ዓ.ም. ዶላር 57 ብር ገደማ በሆነ ጊዜ ያው 40,000 ብር ሰባት መቶ ዶላር ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር። እንግዲህ 250,000 ብር በዚያ ምንዛሪ ሲሰላ የመጀመሪያውን ዋጋ ወደ ቦታው መለሰው እንጂ ብዙ አላሳለፈውም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ በሕግ ውስጥ የተጻፈ የገንዘብ ልክ በየጊዜው ካልታየ እንደ በረዶ እየቀለጠ የሚሄድ መሆኑን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቍጥር 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በ1952 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ የሚናቅ አልነበረም፤ ዛሬ ግን ልጇን ለቀበረች እናት አንድ ሺሕ ብር ለተዝካሩ ሻማ እንኳ አይበቃትም። ሕግ አውጪዎች የመድኑን ጣራ በዐሥራ ስድስት ዓመት አንድ ጊዜ ከማንሣት ይልቅ፥ በየጥቂቱ ዓመት እንዲመረመር ሥርዐት ቢያበጁለት ይበጃል።

አሁን አንድ ተጐጂ ወይም የሟች ቤተ ሰብ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር በቅደም ተከተል መመልከት ያስፈልጋል።

አንደኛ፥ የአስቸኳይ ሕክምና ነገር ነው። በተሽከርካሪ አደጋ የተጐዳ ማንም ሰው፥ የገጨው መኪና ይታወቅም አይታወቅም፥ መድን ይኑረው አይኑረው፥ የአስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። የመንግሥትም ሆነ የግል የሕክምና ቤት «አስቀድመህ ገንዘብ ክፈል» ብሎ እንዳይመልሰው አዋጁ ያስገድዳል። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ይህ ወጪ እስከ 2,000 ብር ነበር፤ በኋላ እንደ ተባለው ከፍ ብሏል። ወጪውን ለሕክምና ቤቱ የሚተካው መድን ሰጪው ወይም የመድን ፈንዱ ነው። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 የተነገረው ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው አንሥቶ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ለማደሪያው ጠባቂም ሁለት ዲናር ሰጥቶ፥ ከዚያ የሚበልጠውን በተመለሰ ጊዜ ሊከፍል ቃል ገባ። ጠባቂው ቍስለኛውን የተቀበለው ተያዥ ስላገኘ ነው። የዛሬው አዋጅ ያንኑ ተያዥነት በመንግሥት ስም አቁሞታል፤ ስለዚህ በዘነበ ወርቅ ወደ አለርት ሆስፒታልም ሆነ በየመንደሩ ወዳለ ክሊኒክ የመጣ ቍስለኛ ኪሱ ሊፈተሽ አይገባም።

ሁለተኛ፥ ገጭቶ ስለ ሸሸ መኪና ነው። በሌሊት በሎሚ ሜዳ ወይም በካራ ቆሬ መንገድ ሰው ተገጭቶ ገጪው ታርጋው ሳይታይ ቢያመልጥ፥ ወይም ቢያዝ መድን የሌለው ሆኖ ቢገኝ፥ ብዙ ሰው «የእግዜር ቍጣ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። አዋጁ ግን ለዚህ ያህል ሰው የመድን ፈንድ አቋቁሟል። የፈንዱ ገንዘብ መድን ሰጪዎች ከሚሰበስቡት የመድን ዋጋ ተከፍሎ ይገባል፤ ይህም ማለት ሕጉን የጠበቀው ባለመኪና ሁሉ ሕጉን ስለ ጣሰው ጥቂት ጥቂት ያዋጣል ማለት ነው። ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራው በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ሥር ያለው የመንገድ ደህንነትና የመድን ፈንድ አገልግሎት ነው። ፈንዱ ለሞትና ለአካል ጉዳት ይከፍላል። መድን ሳይኖረው የገጨው ባለመኪና የተገኘ እንደ ሆነ ፈንዱ የከፈለውን ከርሱ መልሶ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፥ የጣራው ትርጕም ነው። 250,000 ብር መድን ሰጪው የሚከፍለው የመጨረሻ ልክ ነው እንጂ የሰው ዋጋ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2095 የሟች ባል ወይም ሚስት፥ ወላጆችና ልጆች ያጡትን መተዳደሪያ መጠየቅ ይችላሉ። እንበል፥ ሚስትና ሦስት ልጆች የነበሩት አንድ የቀን ሠራተኛ ቢሞትና ፍርድ ቤት የቤተ ሰቡን ጉዳት 600,000 ብር ነው ብሎ ቢወስን፥ መድን ሰጪው እስከ 250,000 ብር ከፍሎ የቀረውን 350,000 ብር ከባለመኪናው ለመጠየቅ መንገዱ ክፍት ነው። የመድኑን ገንዘብ የተቀበለ ሰው የቀረውን መብቱን አልሸጠም። እንደዚሁም ሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ያልነበረው ወይም የሰከረ ቢሆን፥ ይህ ጥፋት በተጐጂው ላይ አይደፈደፍም፤ መድን ሰጪው ለተጐጂው ከፍሎ ከውል አፍራሹ መልሶ ይጠይቃል።

አራተኛ፥ ይህ መድን የማይሸፍነው ነገር አለ። ስሙ እንደሚያመለክተው ለሦስተኛ ወገን የተሠራ ስለ ሆነ፥ ለባለመኪናው ለራሱ ጉዳትና ለራሱ መኪና ስብራት አይውልም። ለዚያ ሌላ የፈቃድ መድን መግባት ያስፈልገዋል። በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን ምልክት አይቶ «ሁሉ ነገር ተሸፍኖልኛል» የሚል ባለመኪና በአደጋ ቀን ይደነግጣል።

እንግዲህ ሕጉ ይህን ያህል ካዘጋጀ ተጐጂው ስለ ምን ባዶ እጁን ይቀራል? መብቱ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በፍርድ ቤት አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በተጐጂው በራሱ ደጃፍ ይጠፋል።

በመጀመሪያ፥ ማስረጃ ሳይያዝ ይቀራል። እግሩ የተሰበረ ሰው «ቀላል ነው» ተብሎ ወደ ወጌሻ ይወሰዳል፤ ፖሊስም ሳይጠራ ይቀራል። ወጌሻው እጁ የተባረከ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሕክምና ማስረጃ አይጽፍም። አጥንቱ ጠሞ የገጠመ እንደ ሆነና ከሦስት ወር በኋላ ሰውየው መሥራት ቢያቅተው፥ በዚያ ቀን በዚያ መኪና መጐዳቱን በምን ያስረዳል? ስለዚህ ማንኛውም አደጋ ለትራፊክ ፖሊስ መነገር፥ ታርጋውና በቦታው የነበሩት ሰዎች ስም መጻፍ፥ ተጐጂውም ሕክምና ቤት ገብቶ ጉዳቱ በመዝገብ መስፈር አለበት። የሞተ ሰው ሲሆን ደግሞ የሕክምና ማስረጃውና የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፥ ጊዜ ያልፋል። በፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2143 ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሣውን በሁለት ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። ኀዘንተኛ ቤት አርባውን፥ መንፈቁን፥ ሙት ዓመቱን ሲያስብ፥ ሁለት ዓመት እንደ ጥላ ያልፋል።

ሦስተኛና ከሁሉ የሚከፋው፥ በችኰላ የሚደረገው እርቅ ነው። ሰው በቸልተኛነት መግደል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በቍጥር 543 ያስቀጣል። እርቅ መውረዱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ስለሚችል፥ የሾፌሩ ወገን ሽማግሌዎችን ይዞ ወደ ኀዘን ቤት ይፈጥናል። መፍጠኑ ክፉ አይደለም፤ የተጣላን ማስታረቅ የተመሰገነ ሥራ ነው፥ ደም እንዳይፈላለግም ያደርጋል። ሽማግሌዎች ድንጋይ ተሸክመው ደጅ ሲወድቁ፥ ካህኑ መስቀሉን ይዞ፥ ሼኩም ዱዓ አድርጎ ሲለምን እንቢ የሚል ልብ የለም። ከዚያ በኋላ ለቀብርና ለተዝካር ተብሎ 20,000 ወይም 30,000 ብር ይሰጣል፤ «ከእንግዲህ ወዲህ በዚህ ነገር ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ይጻፋል፤ ኀዘንተኛይቱም በጣቷ ትፈርማለች።

ይህች ወረቀት ቀላል አይደለችም። የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 3312 የእርቅ ስምምነት በተስማሙት ሰዎች መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል ይላል። እንግዲህ ያች ሴት በለቅሶ ቀን፥ ዐይኗ እንባ ሞልቶ ሳለ፥ በራሷና በልጆቿ ላይ የመጨረሻ ፍርድ ፈረደች ማለት ነው። ለባለመኪናው ወገን አንድ ዓመት ሙሉ የመድን ዋጋ ሲከፈልበት የኖረው 250,000 ብር በመድን ሰጪው ሣጥን ሲቀመጥ፥ እርሷ በ20,000 ብር ጥያቄዋን ዘጋች። ለባለመኪናውም ቢሆን ጥቅም አላገኘም፤ ዋሱ ሊከፍልለት የሚችለውን ከራሱ ኪስ ከፈለ። ሁለቱንም የጐዳቸው አለማወቅ ነው።

ስለዚህ ለሕዝብ አማካሪ የሆኑ ሰዎች ሁሉ ይህን ነገር ሊለዩት ይገባል፤ ይቅርታ አንድ ነገር ነው፥ ካሣም ሌላ ነገር ነው። ይቅርታ የልብ ነው፤ እናት ስለ ራሷ በነጻ ልትሰጠው ትችላለች፥ ዋጋውም በሰማይ ነው። ካሣ ግን የልጆቹ እንጀራ፥ የትምህርት ቤት ክፍያ፥ የቤት ኪራይ ነው፤ ይህን ስለ ልጆቿ ብላ ልትጠብቀው ይገባታል። የእርቁ ወረቀት «ቂም የለንም፤ የሕግ ካሣው ግን ከመድን ሰጪው በሕግ ይጠየቃል» ብሎ ቢጻፍ ሁለቱም ይጠበቃሉ፤ ሰላሙም ይወርዳል፥ የድኻ አደጉም መብት አይፈርስም። ባለመኪናው ለቀብር የሚሰጠው ገንዘብ ካለ ርዳታ መሆኑ ተለይቶ ይጻፍ፤ የካሣው መጨረሻ ተብሎ አይመዝገብ።

ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ ወይም አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም። የወረዳ ሹም ለአቤቱታ የመጣችውን ባልቴት «ወደዚያ ሂጂ» ብሎ ከመመለስ ይልቅ የመኪናው መድን ሰጪ ማን እንደ ሆነ ከፖሊስ ጠይቆ ቢነግራት፥ ግማሹን መንገድ ሄደላት ማለት ነው። የፖሊስ መርማሪ የአደጋውን መዝገብ ሲያዘጋጅ የመድኑን ምስክር ወረቀት ቍጥር ለተጐጂው ወገን ጽፎ ቢሰጥ መልካም ነው። የእድር ዳኛ ድንኳን ተክሎ ንፍሮ ከማስቀቀል ጋር፥ «ስለ መድኑ ጠየቃችሁን? ምንም ነገር ሳታስነብቡ እንዳትፈርሙ» ብሎ አንድ ቃል ቢጨምር፥ እድሩ ከሚከፍለው ገንዘብ የሚበልጥ ርዳታ ይሆናል። የነፍስ አባትም ወደ ኀዘን ቤት ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማና የሚታመን እርሱ ነውና፥ በሽምግልናው ላይ መስቀሉን ከማንሣቱ በፊት ወረቀቱን ቢያነብ፥ በመስቀሉ ጥላ ሥር የድኻ መብት እንዳይቀበር ይጠብቃል። በመስጊድ ያሉ ሼኮችም እንዲሁ ናቸው፤ በኮልፌ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፥ አደጋውም አይለያቸውም።

ባለመኪናዎችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። የመድኑ ዘመን ያለፈበት መኪና በመንገድ ላይ የቈመ ዕዳ ነው። አንድ ቀን ዘግይቶ ማደስ፥ በዚያች ቀን አደጋ የደረሰ እንደ ሆነ፥ ቤትን እስከ መሸጥ ያደርሳል። ሾፌሩን የቀጠረ ሰውም የሾፌሩን መንጃ ፈቃድ፥ የመኪናውን ፍሬንና መብራት እንደሚመረምር ሁሉ የመድኑን ቀን ይመርምር። አደጋ ከደረሰም መሸሽ ከሁሉ የከፋ ምክር ነው፤ የቈመ ሰው ዋስ አለው፥ የሸሸ ሰው ግን የዋሱን ከለላ ትቶ በራሱ ላይ ወንጀል ይጨምራል። በደቂቃ ውስጥ ሊታከም የሚችል ቍስለኛም በመንገድ ላይ ደሙ ፈስሶ ሊሞት ይችላል።

ቀራንዮ የሚለው ስም የተወሰደው የሌላው ዕዳ በአንዱ ከተከፈለበት ቦታ ነው። ይህን ስም በያዘው ክፍለ ከተማ የሚኖሩ ሹማምንትና ካህናት የዕዳንና የዋስን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁታል። መንግሥት አዋጁን አውጥቷል፥ ጣራውንም ከፍ አድርጓል፥ ፈንዱንም አቁሟል፤ የቀረው ነገር በወደቀው ሰው ጆሮ ማድረስ ነው። በጦር ኃይሎች ወይም በአየር ጤና መንገድ ዳር ነገ አንድ ሰው ቢወድቅ፥ ከበው ከሚቈሙት ሰዎች መካከል «ፖሊስ ጥሩ፤ ታርጋውን ጻፉ፤ ወደ ሕክምና ቤት ውሰዱት፤ ሳትጠይቁ አትፈርሙ» የሚል አንድ የሚያውቅ ሰው ይገኝ። ያ አንድ ሰው የተገኘ እንደ ሆነ ሕጉ ከወረቀት ወርዶ በመንገድ ላይ ቆመ ማለት ነው።